ማዕተቡ እስኪበጠስ

የእኅቴን ልጅ ፊልም ሲያይ ከተመለከትሁት ወዲህ፣ አውራ ጣት ከአራቱ እኅቶቿ ተለይታ ለብቻዋ የቆመችበት ምክንያት ምን ይሆን እያልሁ ሳሰላስል ሰነበትሁ። ልጁ ስልኩን በግራ መዳፉ ላይ ያጋድምና ፊልሙን ይከፍታል፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ገና «እንዴት ዋላችሁ» መባባል ሲጀምሩ፣ ያቺ አውራ ጣት ከተኛችበት ተነሥታ የመስተዋቱን ቀኝ ጎን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ወዲያውም 10 ሰከንድ እንደ ጎመን ግንድ ተቆርጦ ይጣላል። ሽማግሌ ሲመክር ኳ ኳ፤ እናት ስታለቅስ ኳ ኳ፤ ባልና ሚስት ሲታረቁ ኳ ኳ፤ ቡጢ ሲመጣ ብቻ ጣቲቱ ሰንበት እንደ ገባበት ገበሬ ሥራዋን አቁማ ታርፋለች።

ባለፈው ክረምት የትምህርት ዕረፍቱን ከእኛ ዘንድ ሊያሳልፍ ከአዲስ አበባ አሰላ ድረስ በመጣ ጊዜ፣ እንዲሁ ኳ ኳ እያደረገ፣ 100 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን አንድ አሮጌ የሆንግ ኮንግ ፊልም በ11 ደቂቃ ፈጽሞ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «አሪፍ ነው ጋሼ፤ ግን መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ዝም ብሎ ይቆማል» አለኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህ ልጅ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ አላለም።

የፊልሙን ስም ብጠይቀው አያውቀውም። ከስልኩ ላይ ቢያሳየኝ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚችው በአሰላ ከተማ ስሙኒ እየከፈልሁ፣ በአግዳሚ ጫፍ ላይ በአንድ ጎኔ ብቻ ተቀምጬ፣ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቍጥሩ የጠፋብኝ «ዘ ቢግ ቦስ» ሆኖ ተገኘ። የልጅነት ወዳጁ በፊቱ ሲታማ የሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

እንግዲህ ስለ ታማው ወዳጄ ጥቂት ላውጋ። ይህ ፊልም በ1964 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971፣ ለሕዝብ የታየ፣ ሎ ዌይ የሚባል አዘጋጅ ታይላንድ ውስጥ ፓክ ቾንግ በምትባል ከተማ ያዘጋጀው፣ ገና በተቋቋመ በዓመቱ ግድም የነበረ «ጎልደን ሃርቨስት» የተባለ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ገንዘብ ያወጣበት፣ ብሩስ ሊን በሠላሳ ዓመቱ ከጭፍራነት አውጥቶ በአለቅነት ያስቀመጠ ሥራ ነው። በሆንግ ኮንግ ብቻ ከ3 ሚሊዮን የዚያው አገር ዶላር በላይ አስገብቶ፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን የገቢ ክብረ ወሰን ሰብሯል።

ታሪኩ አጭር ነው። ቼንግ የሚባል አንድ ድኻ ቻይናዊ እንጀራ ፍለጋ ወደ ታይላንድ ይሄድና፣ በዘመዶቹ ቤት ተጠግቶ በበረዶ ፋብሪካ ይቀጠራል። ፋብሪካው በደጅ ሲያዩት በረዶ ያመርታል፤ በጓዳው ግን በበረዶው ጡብ ሆድ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ እየደበቀ የሚነግድ የወንበዴ ጎሬ ነው። አንድ ጡብ ተሰብሮ ምስጢሩ የተገለጠላቸው ሁለት ሠራተኞች፣ ገንዘብ ተቀብላችሁ ዝም በሉ ሲባሉ እንቢ ቢሉ፣ በዚያው የት እንደ ገቡ ሳይታወቅ ጠፉ፤ እነርሱን ሊጠይቅ የሄደውም እንዲሁ ጠፍቶ ቀረ። ቼንግ ይህን ሁሉ እያየ እጁን አያነሣም፤ ዳግመኛ ከሰው ጋር እንዳይደባደብ ለእናቱ ምሏልና፣ የመሐላው መታሰቢያ የሚሆን አረንጓዴ ጌጥ በአንገቱ አሥሯል።

እኛ የአሰላ ልጆች ለዚህ ጌጥ ስም ስንፈልግለት አልዋልንም፤ ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን «ክታብ ነው» አሉ፣ ክርስቲያኖቹ «ማዕተብ ነው» አልን፤ በስሙ ብንለያይም፣ የነካው ሰው ወዮለት በማለት አንድ ሆንን።

በዚያን ዘመን፣ ማለት በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ቪዲዮ ቤት በየከተማው እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። የሰፈራችን ባለ ቪዲዮ ቤት ከዐረብ አገር ሲመለስ፣ ሌላው ተመላሽ ብርድ ልብስና ሽቶ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እርሱ አንድ ዴክ፣ አንድ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥንና በካርቶን የታጨቀ ካሴት ይዞ መጣ፤ የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ከሚስቱ በብዙ ጭቅጭቅ ተረክቦ፣ መስኮቱን በጆንያ ጋርዶ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደርድሮ ሲያበቃ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ ባለ ሥፍራ አኑሮ በዳንቴል ሸፈነው። ዳንቴሉ በተገለጠ ጊዜ የሚወርደው ጸጥታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በቅዳሴ ጊዜ መጋረጃ ሲገለጥ ከምናሳየው ጸጥታ ይበልጥ እንደ ነበር በንስሐ መልክ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ። ሚስቱም ለተነጠቀችው ክፍል ካሣ ይሆናት ዘንድ በበሩ ላይ ተቀምጣ ቆሎ በስኒ እየሰፈረች ትሸጥልን ነበር።

አሰላን ለማያውቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ እግር ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብርዷ እንግዳ ሳይለይ ለሁሉ በነጻ የሚታደል ነው። በመሆኑም ወደ ቪዲዮ ቤት የምንሄደው ለፊልሙ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል ተጣቦ ሲተነፍስ የሚገኘው ሙቀት በየትኛውም ቤት ምድጃ አጠገብ አይገኝም ነበር።

በደጁ ላይ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ የሚጻፈው ማስታወቂያ ራሱን የቻለ ድርሰት ነበር። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ያንኑ አንድ ካሴት በመጀመሪያው ሳምንት «ቢግ ቦስ»፣ በሁለተኛው «የበረዶው ፋብሪካ ምስጢር»፣ በሦስተኛው «የእናቱ ልጅ» እያለ ያሳየናል፤ እኛም ገብተን፣ አግዳሚው ላይ ከተደላደልን በኋላ ያው ቼንግ ሻንጣውን ይዞ ከመርከብ ሲወርድ ስናይ፣ የተታለለ ሰው ሊያሰማ የሚገባውን ጩኸት ጥቂት አሰምተን ዝም እንላለን፤ ማየቱን እንፈልገው ነበርና። በኋላ በዕድሜዬ ገፋ ብዬ እንደ ተረዳሁት፣ በዚህ ነገር ከባለ ቪዲዮ ቤታችን የሚበልጡ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ይህ ፊልም አገራቸው በገባ ጊዜ ለእርሱ የታሰበውን «ዘ ቻይኒዝ ኮኔክሽን» የተባለውን ስም በስሕተት ለሌላው የብሩስ ሊ ፊልም ሰጥተው፣ የሌላውን ስም በጥቂቱ ለውጠው በዚህኛው ላይ ለጥፈውታል። የእኛው ሰው ግን ቢያንስ ሲሳሳት አስቦበት ነው።

ካሴቶቹ የዐረብ አገር ስለ ነበሩ፣ የተዋንያኑ ከንፈር በቻይንኛ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የዐረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ከመካከላችን ቁርአን ቤት የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረንና፣ ከሚሮጠው ጽሑፍ እኩል እየሮጠ ጮኽ ብሎ ያነብልን ነበር፤ «ምን ማለት ነው?» ስንለው ግን፣ «ንባቡን ነው እንጂ ትርጕሙን ገና አልደረስሁበትም» ይላል። እኔ በዚህ ልስቅበት አልችልም፤ ዳዊት ደግሜ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤ ሳበቃ፣ ከማነበንበው ግዕዝ ውስጥ ትርጕማቸውን የማውቃቸው ቃላት በአንድ እጄ ጣቶች የሚቈጠሩ ነበሩና።

ንባብ ካለ ደግሞ ትርጓሜ አይቀርም። አጎቴ የመጻሕፍት መምህር ስለ ነበሩ፣ ማታ ማታ ለደቀ መዛሙርታቸው «አንድም» እያሉ ምስጢር ሲያወርዱ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበርና፣ በቪዲዮ ቤቱ የትርጓሜውን ወንበር ያለ ተቀናቃኝ ያዝሁ። «አክተሩ ለምን አይማታም?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በእኛ ቋንቋ የፊልሙ ደግ ሰው አክተር፣ የክፉዎቹ አለቃ ቦስ ይባላሉ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንዲህ እል ነበር፦ አንድም ለእናቱ የማለውን መሐላ አስቦ፤ አንድም ጉልበቱን ለቦሱ ሊያቆይለት ወዶ፤ አንድም ከአሁኑ ቢማታ ፊልሙ በግማሽ ሰዓት አልቆ ባለ ቪዲዮ ቤቱ «ስሙኒያችንን መልስ» እንዳይባል አዝኖለት።

ሃይማኖታችን አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረው፤ እርሱም «አክተር አይሞትም» የሚል ነው።

ከዚህ አንቀጽ የተነሣ፣ ብሩስ ሊ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ «ኤንተር ዘ ድራጎን» የተባለው ታላቅ ፊልሙ ገና ለሕዝብ ሳይታይ ማረፉን የነገረን የፊዚክስ መምህራችን ብርቱ ጠላትነት አተረፈ። እንዴት ይሞታል? እኛ ባለፈው ቅዳሜ በአዲስ ፊልም አይተነዋል! ነገሩ እንዲህ ነው፦ እርሱ ሲሞት ገበያው አልሞተምና፣ የሆንግ ኮንግና የታይዋን ነጋዴዎች መልኩን የሚመስሉ ጎልማሶችን እየፈለጉ አንዱን ብሩስ ሊ፣ ሌላውን ብሩስ ሌ፣ ሦስተኛውን ድራጎን ሊ እያሉ በየፊልሙ አሰለፏቸው። በፈረንጅ ፊደል የሟቹ «ሊ» እና የተተኪው «ሊ» አጻጻፋቸው ይለያያል፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ «ሌ» የሚለውም ቢሆን፣ ጠመኔ ከያዘ ነጋዴ ፊት ከ«ሊ» የሚለየው በአንዲት ቅጥል ብቻ ስለሆነ፣ ባለ ቪዲዮ ቤታችን ያቺን ቅጥል ሳይቀጥል በመቅረቱ ሙት አስነሣ።

ወደ በረዶው ልመለስ፤ ወጉን የጀመርሁት በእርሱ ምክንያት ባይሆንም፣ አኮን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም።

አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ መላው ሰፈር በዚህ ስም የሚጠራቸው ጎረቤታችን የአርሲ ባልቴት፣ አንድ ቀን ከአንድ የዕርቅ ጉባኤ ሲመለሱ፣ ጋዝ እንዲገዛ የላኩት የልጅ ልጃቸው ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ ቪዲዮ ቤት ገብቶ መቅረቱን ሰሙ። ከዕርቅ መምጣታቸው ስለ ነበር ሲንቄያቸው በእጃቸው ነበረች። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ የምትከበረውን ያህል ግን ዱላ አይከበርም። ሁለት ወገኖች ሲጋደሉ፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፣ ያን አልፎ የሚማታ ወንድ የለም፤ የሚያልፍ ቢገኝ እንደ ትልቅ ነውር ይቈጠርበታል።

አኮ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጆንያ ገልጠው ገቡ። ብርሃን ስለ ገባ «በር! በር!» ብለን ጮኽን፤ ማን እንደ ገባ ስናይ ዝም አልን። እርሳቸው የልጁን ጆሮ ፍለጋ በጨለማ ሲዳብሱ ዓይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፤ በዚያ ሰዓት የፋብሪካው ሠራተኞችና ቦሱ ያመጣቸው ወሮበሎች በአካፋና በዱላ እየተፋለጡ ነበር፤ ቼንግ ደግሞ ጡጫውን ጨብጦ ጥግ ላይ ቆሟል። አኮ ጥቂት ቆመው ተመለከቱ፤ ከዚያ ሦስት ልጅ በተነሣበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሲንቄያቸውንም ጕልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ይኼ ቀዩ ልጅ ምን ሆኖ ነው ቆሞ የሚያይ?» አሉኝ።

«ለእናቱ ምሎ ነው አኮ።»

«እናቱ የት አለች?»

«አገሯ፤ ቻይና።»

«ምንድነው የሚሠሩት እዚህ?»

«በረዶ ነው አኮ። ይሸጡታል።»

አኮ ዘወር ብለው አዩኝ። በአርሲ ምድር በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ ወርዶ የገብስ ማሳ የሚያጠፋ መቅሠፍት ነው፤ እርሱን የሚሸጥና የሚገዛ አገር አለ ብሎ ለአንዲት የገብስ ገበሬ እናት መንገር እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ ተረዳሁ። «ብርድ የሚገዛ ሰው ባለበት አገርማ መጋደል ይነሰው?» አሉና ፊታቸውን መለሱ። ጥቂት ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሴትስ የለም በዚህ አገር?» አሉ።

«አለ፤ እነዚያ የሚያለቅሱት።»

«ሲንቄ የላቸውም?»

አንድምታ ለምጄ የነበርሁት ሰው ያን ዕለት መልስ አጣሁ። በዚያው ቅጽበት አንዱ ወሮበላ ቼንግን ሲተናኰለው አረንጓዴው ጌጥ ተበጠሰ፤ ስድሳው ልጅ ካግዳሚው ላይ እንደ አንድ ሰው ተነሥቶ ጮኸ፤ ሲጠብቀው የነበረው ይህን ነበርና። አኮ ብቻ አልጮኹም፤ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «እናቱን በጠሱበት። አሁን ማን ያስታርቀዋል?» ብለው ተነሥተው፣ የልጅ ልጃቸውን ጆሮ በአንድ እጅ፣ ሲንቄያቸውን በሌላው ይዘው ወጡ፤ ጀሪካኑን ልጁ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አላዩትም። ቢያዩት ኖሮ ትንቢታቸው እንደ ሠመረ ያዩ ነበር። ቼንግ ወሮበሎቹን በረገጠ ማግሥት ካቦ ይሆናል፤ መብሉ፣ መጠጡ፣ ሴቱ ይቀርብለታል፤ የጠፉትንም ወንድሞቹን መጠየቁን ለጊዜው ይረሳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን ተረት ቻይናም እንደሚያውቀው የተረዳሁት በዚህ ነው። በኋላ ሬሳቸውን በበረዶው ጡብ ውስጥ ባገኘ ጊዜ ከሾሙት ጋር ይጋደላል፤ ከአንዲት ልጃገረድ በቀር ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያልቃል፤ ቦሱንም ይገድላል፤ በመጨረሻም አክተር የማይሞት ቢሆንም፣ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። መሐላው እስከ ተጠበቀ ድረስ የሞቱት ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ መሐላው ከፈረሰ በኋላ የሞቱትን ግን እኛም መቍጠር አቅቶን ትተነዋል።

እኛ ልጆቹ ግን ከዚህ ሁሉ ትምህርት የወሰድነው ግድግዳውን ብቻ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ቼንግ አንዱን ወሮበላ በቡጢ ቢለው ሰውየው የሳንቃውን ግድግዳ በስቶ ሲያልፍ፣ በሳንቃው ላይ ልክ የሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይቀራል። ይህን ተአምር በአሰላ ለመድገም ከመካከላችን አንዱ በጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ቡጢውን ቢሰነዝር፣ ጭቃ እንደ ሳንቃ አይደለምና እጁ እስከ ክርኑ ገብቶ በማገሩ ተያዘ፤ ከወዲያ ማዶ እንጀራ ትጋግር የነበረችው እመቤት ከግድግዳዋ እጅ ሲበቅል አይታ «በስመ አብ!» ካለች በኋላ፣ በማሰሻዋ ያደረሰችበትን ቃጠሎ ቡጢኛው እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ለመሆኑ የአሰላ ሰው ቆሞ የመጠበቅን ነገር ከሆንግ ኮንግ መማር ነበረበትን? አልነበረበትም። ከዚሁ ከአርሲ አፈር የበቀለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ 25 ዙር ያለውን የ10,000 ሜትር ውድድር ሲሮጥ፣ የኬንያው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አምልጦት እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ መንገድ ድረስ ከፊቱ ነበር፤ ኃይሌ የቀደመው በሰከንድ መቶኛ 9 ብቻ ነው። በዚያን ዕለት የእኅቴ ልጅ አውራ ጣት ብትኖር 24ቱን ዙር ኳ ኳ አድርጋ ትጥለው ነበር፤ የሚቀረውም አንድ ጠይም ሰው አንዱን ረጅም ሰው በደረት ሲቀድመው ብቻ ነው፤ ለምን እንዳለቀስን ግን ሊገባት አይችልም። ከዚያ ቀደም ሲል ስለ ኃይሌ ሕይወት ሌዝሊ ውድሄድ የሚባል እንግሊዛዊ በአርሲ ምድር የሠራው፣ ኃይሌ ራሱ ራሱን ሆኖ የታየበት ፊልም ነበር፤ በፈረንጆች 1999 የወጣ ነው። ስሙ «ኢንዱራንስ» ይባላል፤ ጽናት ማለት ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ቡጢ የለም።

ወደ ካሴቱ እንምጣ። ዴክ የሚባለው መሣሪያ በሆዱ ውስጥ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚሽከረከር ከበሮ አለው፤ በከበሮው ላይ ያሉት «ሄድ» የሚባሉት ጥቃቅን ዓይኖች በስስ ክር ላይ የተጻፈውን ሥዕል የሚያነቡት እየታከኩት ነው። በታየ ቍጥር ክሩ በጥቂት በጥቂቱ ይላጣል፤ ፊልሙን አቁሞ አንዱን ሥዕል ብቻ ማየት ደግሞ ከበሮው አንድ ሥፍራ ላይ እንዲሽከረከር ስለሚያደርገው ያንኑ ቦታ ክፉኛ ይጎዳዋል። እኛም ማዕተቡ ተበጥሶ ድብድቡ በጀመረ ቍጥር «ድገመው!» እንል ነበር፤ ባለ ቪዲዮ ቤቱም ደግ ሰው ነበርና ወደ ኋላ መልሶ ይደግመዋል፤ የቼንግን ርግጫ ለማየትም «አቁመው!» ስንለው ያቆመዋል። ቼንግ ቆሞ የሚታገሥበትን ክፍል ድገመው ያለ ልጅ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከተከፈተበት ቀን እስከ ተዘጋበት ቀን አልተገኘም።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ፊልሙን በ11 ደቂቃ በጨረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ቂሜ ስላልበረደልኝ፣ ይዤው ወደ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ሄድሁ። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የሞባይል ጥገና ሱቅ ሆኗል፤ ባለቤቱ ጋሼ ግን አርጅተው በጓሮ ክፍል ይኖራሉ፤ ዴኩም፣ ካርቶኑም ከአልጋቸው ሥር ይገኛል። ለእኔ ሲሉ የዴኩን ክዳን ፈቱ፤ ሄዱን ጥጥ በአልኮል ነክረው ጠራረጉ፤ ካሴቱን አስገቡ፤ አሮጌው ቴሌቪዥን ጥቂት አሰላስሎ በራ።

ቼንግ ከመርከብ ወረደ። አጎቱ መሐላውን አሳሰበው። ሥዕሉ ትናንት የተቀዳ ይመስል ንጹሕ ነበር። የእኅቴ ልጅ ጥቂት ታግሦ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ሄዶ፣ የቴሌቪዥኑን መስተዋት በቀኝ በኩል በአውራ ጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ቴሌቪዥኑም በራሱ ፍጥነት መሄዱን ቀጠለ። ጋሼ፣ «ዝንብ ነው?» ብለው ጠየቁት።

ተመልሶ ተቀመጠ። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ስላልነበረ ተመለከተ። ሠራተኞቹ ጠፉ፤ ቼንግ ጡጫውን ጨበጠ፣ ጌጡን ዳሰሰ፣ እጁን አወረደ፤ ዳግመኛ ጨበጠ፣ ዳግመኛ አወረደ። ከዚያ ወሮበሎቹ መጡ፣ ጌጡም ተበጠሰ፤ በዚያው ቅጽበት ሥዕሉ ተናወጠ፣ ተሰነጠቀ፣ መስተዋቱንም ነጭ ነጠብጣብ እንደ ጭላሎ በረዶ ሞላው። ጋሼ የትራኪንጉን ቍልፍ ወዲያና ወዲህ አዞሩት፤ ከነጠብጣቡ ውስጥ አንድ እግር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሌላ ምንም የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካሴት ግን አብልጠው የወደዱበትን ቦታ ቀድሞ ይለቃል። ድብድቡን በልተን ጨርሰነዋል፤ ማንም ያልጠየቀው ትዕግሥቱ ብቻ ሳይነካ ተቀምጦ ጠበቀን።

በረዶው እየዘነበ ሦስታችንም ቆየን። ወደፊት የሚዘለልበት ድብድብ የለም፤ የታየው ያው ቆሞ የታገሠው ብቻ ነው። ልጁ አውራ ጣቱን በሌሎቹ አራት ጣቶች ውስጥ ደብቆ፣ ከመስተዋቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣

«ጋሼ፣ እናቱ ግን ለምንድን ነው ያስማለችው?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «አንድም...» ብዬ ጀመርሁ።